የጃፓን ባለ 45 ሸክላዎች፦ የመጀመሪያውን እትም ከኋለኛው በምን ትለያላችሁ?

ሸክላ_ወዳጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ለሁላችሁ። የጃፓን ሲንግል የምንሰበስበው ሰዎች ቁጥር ከጊዜ ወደ ጊዜ እየጨመረ ነው፤ ደስ ይላል። ግን ፎቶ እየተለጠፈ «ይሄ ኦሪጅናል ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ በመጣ ቁጥር መልሱ እዚህም እዚያም ተበታትኖ ይቀራል። አንድ ቦታ ይሰብሰብ ብዬ ነው ይህን የከፈትኩት። የማወራው ከ1960ዎቹ እስከ 80ዎቹ ስለታተሙት፣ መሀላቸው ሰፊ ቀዳዳ ስላላቸው፣ በደቂቃ 45 ዙር ስለሚዞሩ ትንንሽ ሸክላዎች (ሲንግሎች) ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መደርደሪያዬ ላይ ካሉት ሁለት ቅጂዎች ልነሳ። ሁለቱም የቢትልስ «ሄይ ጁድ» ናቸው፤ ሁለቱም የአፕል ሌብል፣ የሁለቱም የካታሎግ ቁጥር ኤአር 2121። ከሩቅ ለሚያያቸው መንትያ ናቸው፦ በአንዱ ጎን ሙሉው አረንጓዴ ፖም፣ በሌላው ጎን ለሁለት የተቆረጠው። አሁን ሌብሉን፣ መሀሉ ላይ የተለጠፈውን ክብ ወረቀት፣ ወደ መብራት አስጠጉና ጠርዙ አካባቢ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቡ። አንደኛው ላይ ያለው የአሳታሚ ስም ቶሺባ ኦንጋኩ ኮግዮ ነው። ሁለተኛው ላይ ያለው ቶሺባ ኢኤምአይ። ኩባንያው ስሙን የቀየረው በ1973 ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ቅጂ ከ1968 እስከ 73 ባለው ጊዜ ውስጥ የታተመ ነው፤ ሁለተኛው ከዚያ ወዲህ። ዘፈኑ ያው፣ ቁጥሩ ያው፣ ፖሙ ያው፤ ዕድሜያቸው ግን ለየቅል። ጃፓንኛ አናነብም ብላችሁ አትፍሩ፤ በጃፓንኛው ፊደል መሀል ሦስት የላቲን ፊደላት ገብተው ካያችሁ ኢኤምአይ ነው፣ አበቃ።

ሌላም አለ። ቢትልስ ጃፓን ውስጥ ከ1964 ጀምሮ ይወጡ የነበሩት በኦዲዮን ሌብል፣ ኦአር በሚል ቁጥር ነበር። አፕል ሲመጣ እነዚያው የድሮ ዘፈኖች በአፕል ሌብል እንደገና ታተሙ፤ ኦአር የነበረው ኤአር ሆነ፣ ከኋላው ያለው አኃዝ ግን አልተነካም። ኦአር 1041 የነበረው «አይ ዋንት ቱ ሆልድ ዩር ሃንድ» ኤአር 1041 ሆኖ ተመለሰ ማለት ነው። አንድ ሻጭ የ1964 ዘፈን ፖም ያለበት ሌብል ላይ አሳይቶ «የመጀመሪያ እትም» ካለ፣ በ1964 አፕል የሚባል ሌብል እንዳልነበረ አስታውሱት።

የኔ አቋም ይሄ ነው፦ ሌብል ብቻውን ምስክር አይሆንም። ሌብሉ፣ የኩባንያው ስም፣ ቁጥሩና ከቨሩ ላይ ያለው ዋጋ አራቱም አንድ ነገር ሲናገሩ ነው እርግጠኛ የሚኮነው። እናንተስ?

ፒያሳ_45 (አዲስ አበባ)

ወንድሜ ተባረክ፣ ለኔ በሰዓቱ ነው የመጣው። አንድ ሻጭ የኦዲዮን ሌብል ያለበት ቢትልስ አቅርቦልኛል። ሸክላው ቀይ ነው። «ቀይ ከሆነ የመጀመሪያ እትም ነው፣ ጥቁሩ በኋላ የመጣ ነው» ብሎ ዋጋውን ሦስት እጥፍ ሰቅሎታል። እውነት ነው? ከመክፈሌ በፊት ቶሎ መልሱልኝ።

ከኦሳካ

ፒያሳ፣ ቆይ አትክፈል።

ቀዩ ሸክላ የቶሺባ ሥራ ነው፤ «ኤቨርክሊን» ይሉታል። ፕላስቲኩ ላይ አቧራ እንዳይስብ የሚያደርግ ንጥረ ነገር ቀላቅለው፣ ከተራው እንዲለይ ቀይ ቀለም ሰጡት። እስከ 70ዎቹ አጋማሽ ግድም አትመውታል። ወደ መስኮት ከፍ አድርገህ ብታየው ብርሃን ያሳልፋል፤ ጣትህን ከጀርባው ብታደርግ ጥላው ይታይሃል። በእውነት ውብ ነገር ነው፣ አልክድም።

ግን ቀይና ጥቁር ተከታትለው የመጡ አይደሉም፤ ጎን ለጎን ነው የታተሙት። ያው ቁጥር፣ ያው ከቨር፣ በአንድ ዘመን በሁለቱም ቀለም አለ። እዚህ ሱቅ ውስጥ የአፕል ሌብል ያላቸው ቀይ ሸክላዎች ሞልተዋል፤ እነሱ እንኳን የ1964 ሊሆኑ የ60ዎቹ መጨረሻና የ70ዎቹ መጀመሪያ ናቸው። ስለዚህ ቀይ መሆኑ የሚነግርህ ቶሺባ እንዳተመውና ከ70ዎቹ አጋማሽ በፊት መሆኑን ብቻ ነው። ገዢዎች ቀዩን ስለሚወዱት ትንሽ ጭማሪ መጠየቁ ያለ ነው። ሦስት እጥፍ ግን ዝርፊያ ነው።

ሻጩን የከቨሩን ጀርባ ፎቶ ጠይቀው። ዋጋው በጃፓን ገንዘብ፣ በ«የን»፣ ተጽፏል። እሱን ሳታይ ምንም አትላክ።

ዜማ_ነሽ (ሃይፋ)

ስለ ዋጋው እኔ ልቀጥል፣ ከሁሉም የምወደው ክፍል እሱ ነው። ጃፓኖች ዋጋውን ከቨሩ ላይ ያትሙት ነበርና የሲንግል ዋጋ በጨመረ ቁጥር አዲስ ከቨር ይታተማል። የቶሺባን ብቻ ብንወስድ በ1964 330 የን ነበር፤ ቀጥሎ 370፤ በ1968 መጨረሻ 400። ከዚያ በ1973 የነዳጅ ቀውስ መጣ። ሸክላ የሚሠራበት ፕላስቲክ የነዳጅ ውጤት ነው፤ ወረቀትም ተወደደ፤ ዋጋው ወደ 500 ዘለለ። በ70ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ 600፣ በ80 ግድም 700 ደረሰ። ይህን መሰላል በቃላችሁ ከያዛችሁ ግማሹ ሥራ አለቀ።

ከሸክላ_ወዳጅ ሁለት ቅጂዎች አንዱ 400፣ ሌላው 500 ወይም ከዚያ በላይ እንደሚል እገምታለሁ። ትክክል ነኝ?

ሌላው ልብ የማይባለው ነገር፦ የጃፓን ሲንግል ከቨር አብዛኛውን ጊዜ እንደ አሜሪካኑ የተለጠፈ ኪስ አይደለም። በአንድ ጎኑ ፎቶ፣ በሌላው የእንግሊዝኛ ግጥሙና የጃፓንኛ ማብራሪያ ያለበት ነጠላ ወረቀት ነው፤ ሸክላው በራሱ የኩባንያ ወረቀት ይገባና ሁለቱም በፕላስቲክ ከረጢት ይቀመጣሉ። ስለዚህ መቀላቀል በጣም ቀላል ነው። 330 የን የሚል ያረጀ ከቨር ውስጥ የ1975 ሸክላ አስገብቶ መሸጥ የተለመደ ተንኮል ነው። የመሀሉን ሳታዩ ከቨሩን አትመኑ።

ሸክላ_ወዳጅ

እህቴ፣ ትክክል ነሽ፤ አንዱ 400፣ ሌላው 500 ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም። ከቨሩና ሸክላው ስላልተገናኙ ብቻ ተንኮል አለበት ማለት አይቻልም። ፋብሪካው ከቨር በብዛት ያትማል፣ ሸክላውን ግን በትእዛዝ እየደጋገመ ያወጣል። የተረፈ ከቨር ካለ አይጥለውም። በተለይ በ1973 እና 74 የቶሺባ ኦንጋኩ ኮግዮ ስም ያለበት ከቨር ውስጥ የቶሺባ ኢኤምአይ ሌብል ያለው ሸክላ ማግኘት በጣም የተለመደ ነው። ዋጋው ላይ ትንሽ ተለጣፊ ወረቀት ተደርጎ አዲሱ ዋጋ የተጻፈበትም አለ። ይሄ የመሸጋገሪያ ጊዜ ቅጂ ነው እንጂ የተጭበረበረ አይደለም፤ እኔ እንዲያውም እነዚህን ነው የምፈልጋቸው፣ የፋብሪካው የዕለት ተዕለት ሥራ ይታይባቸዋልና።

ዜማ_ነሽ

አንድ ሁለት ዓመት የተራራቁ ከሆነ እሺ፣ እቀበላለሁ። አሥር ዓመት የተራራቁ ከሆነ ግን ፋብሪካ አያደርገውም። ሰው ነው ያደረገው። በዚህ እንስማማ።

ሸክላ_ወዳጅ

በዚህ እንስማማለን።

ዱባይ_ላይ

ይቅርታ ጣልቃ ልግባና፣ ዘፈኑ ያው አይደል? ማጫወቻ ላይ ስታስቀምጡት 400 የኑ ከ500 የኑ የተለየ ይሰማል? እኔ ለማዳመጥ ነው የምገዛው፣ ልዩነቱ አልገባኝም።

ከኦሳካ

ጥያቄህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አንዳንዴ ይለያል። ሸክላ የሚታተምበት የብረት ማህተም ብዙ ቅጂ ባወጣ ቁጥር ያረጃል፤ በማህተሙ መጀመሪያ ላይ የወጣው ቅጂ የሲምባሉ ድምፅ ጥርት ያለ ነው። በ60ዎቹ አንዳንድ ሲንግል በሞኖ ወጥቶ በኋላ በስቴሪዮ ተተክቷል፤ ያ ከሆነማ ቅልቅሉ ራሱ ሌላ ነው። ከነዳጅ ቀውሱ በኋላ ደግሞ የሳሱ ሸክላዎች ይገጥሙሃል።

ለማዳመጥ ብቻ ከሆነ ግን 500 ወይም 600 የኑን ግዛ። ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፣ ጭረቱም ብዙ ጊዜ ያንሳል፤ ገንዘብህን አትርፍ።

ሸክላ_ወዳጅ

ከኦሳካ ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔን የሚስበኝ ግን ሌላም ነገር አለ። ሌብሉን ስታነብ የጃፓንን የሙዚቃ ንግድ ታሪክ ነው የምታነበው። ጥቂት ምሳሌ ልስጥ፣ ለመለየትም ይጠቅማችኋል።

የአሜሪካው ሲቢኤስ ሙዚቃ ጃፓን ውስጥ ይታተም የነበረው በኒፖን ኮሎምቢያ ነው። በመጋቢት 1968 ሲቢኤስ ከሶኒ ጋር ሆኖ ሲቢኤስ ሶኒን መሠረተ። ታዲያ አሜሪካ ውስጥ ኮሎምቢያ በሚል ስም የሚወጣው አርቲስት ጃፓን ሲደርስ በዚያ ስም ሊወጣ አልቻለም፤ በጃፓን ምድር ስሙ የኒፖን ኮሎምቢያ ነውና። በሲቢኤስ ሌብል ይወጡ የነበሩት የጃፓኖቹ ብሉ ኮሜትስ፣ በ1967 የጃፓን ሪከርድ ሽልማትን የወሰዱት፣ ከዚያ ወዲያ በኮሎምቢያ ሌብል ቀጠሉ። ስለዚህ ሌብሉ የትኛው እንደሆነ ማየት ብቻ ከ1968 በፊት ይሁን በኋላ ይነግራችኋል።

አትላንቲክ የሚባለው የአሜሪካ ሌብልም እንደዚሁ። ሌድ ዜፕሊን ጃፓን ውስጥ መጀመሪያ የወጡት በኒፖን ግራሞፎን ነው። በ1970 መጨረሻ ዋርነር ፓዮኒር ተቋቋመና አትላንቲክ ወደዚያ ዞረ። ቀደም ብለው የወጡት ሲንግሎች በሁለቱም ኩባንያ ስም ይገኛሉ፤ የኒፖን ግራሞፎኑ ነው የሚፈለገው። ፊሊፕስ እስከ 1970 በኒፖን ቪክቶር እጅ ነበር፣ ከዚያ ኒፖን ፎኖግራም መጣ። የኤልቪስ ሌብል አርሲኤ ደግሞ በቪክቶር ቆይቶ በ1975 አርቪሲ የሚባል ኩባንያ ተመሠረተ፤ የኤልቪስን የጃፓን ሲንግሎች የምትሰበስቡ ይህን ዓመት ያዙልኝ።

በክብ ውስጥ ያለች የፒ ፊደልና ዓመት ስታዩ ደግሞ እንዳትታለሉ። ቅጂው የታተመበትን ዓመት ሳይሆን ቀረጻው መጀመሪያ የወጣበትን ነው የምትናገረው።

ፒያሳ_45

አንድ ቅጂ ላይ ቁጥሩ «43» ብሎ ይጀምራል፣ ከዚያ ወርና ቀን ይመስላል። ሻጩ የ1943 ነው አለኝ!

ከኦሳካ

አይደለም። የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን አቆጣጠር ነው፣ ሾዋ 43። በሾዋ ዘመን ላይ 1925 ደምርበት፣ 1968 ይሆናል። 49 ካለ 1974 ነው። እንዲህ ያለው ቀን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ለሬዲዮ ጣቢያዎችና ለሱቆች በተላከው የናሙና ቅጂ ላይ ስለሆነ ሌብሉን ደግመህ እየው፦ ነጭ ነው? ሦስት የቻይና ፊደላት ለብቻቸው ጎላ ብለው ተጽፈዋል? ከሆነ «ሚሆንባን» የሚሉት ነው፣ ለሽያጭ ያልቀረበ ናሙና። እነዚህ ዘፈኑ ገበያ ላይ ከመዋሉ በፊት ስለሚላኩ ስለ እትሙ መጀመሪያነት ብዙ ክርክር አያስነሱም። ሌብሉ ላይ የጣቢያ ማህተም ወይም በእስክሪብቶ የተጻፈ ቁጥር ቢኖር አትጥላው፤ እኔ ያለ ማህተም ከሆነው እኩል ነው የምከፍልበት።

የድሮው_ማጫወቻ (አዲስ አበባ)

ልጆች፣ ስለ ፈረንጅ ሙዚቃ የጃፓን እትም ብቻ አወራችሁ። የጃፓኖቹ የራሳቸው ዘፈንስ?

በ1961 ቶሺባ ያወጣውን የኪዩ ሳካሞቶን «ኡኤ ኦ ሙይቴ አሩኮ» አድምጡ፤ በ1963 አሜሪካ ውስጥ «ሱኪያኪ» ተብሎ የቢልቦርድን ሰንጠረዥ አንደኛ የሆነው። ለኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ምክንያትም አለው። ጃፓኖች «ዮናኑኪ» የሚሉት ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት አላቸው፤ ማይነሩ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ቤሞል፣ ሶል፣ ላ ቤሞል ነው (ቤሞል ማለት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ)። በክራር ቃኙት፤ የኛው ትዝታ ማይነር ነው፣ አንድም ድምፅ አይጎድልም። «ሚያኮቡሺ» የሚባለውን ደግሞ ውሰዱ፦ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል። ይሄ አምባሰል ነው። ተጽዕኖ ነው ወይስ መገጣጠም የሚለውን ለምሁራን እተወዋለሁ፤ የኤንካ፣ ማለትም የጃፓኖቹ የትካዜ ዘፈን፣ ዘፋኝ ድምፁን እያንቀጠቀጠ ሲያወርደው የሰማ ኢትዮጵያዊ ግን ቋንቋውን ሳይሰማ ስሜቱ ይገባዋል። ከ1951 ጀምሮ ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ልጆች ለዕረፍት ጃፓን ይወርዱ ነበር፤ ጥላሁን «ጃፓኗን ወድጄ» ብሎ የዘፈነውንም የማያውቅ የለም። ስለዚህ ኤንካ ሰብስቡ። ዋጋው ርካሽ ነው፣ የሚሻማችሁ የለም፣ ልብን ግን ያርሳል።

ዜማ_ነሽ

ጋሼ፣ እጅዎን እስማለሁ። የአምባሰሉን ነገር አሁኑኑ ኪቦርድ ላይ ሞከርኩት፣ እውነትም ልክ ነው። የሳካሞቶው ሲንግል በቀይ ሸክላ አለ፣ ቶሺባ ነዋ። እንዳያመልጣችሁ።

ሸክላ_ወዳጅ

ጋሼ፣ እርስዎ እንዲህ ቢጽፉልን ብዬ ስጠብቅ ነበር። እግረ መንገዴን የጃፓን የራሳቸው ዘፈኖች ላይ አንድ ማሳሰቢያ፦ ዕድሜና ዝና ዋጋ አያመጡም። በ1975 የገና ዕለት ካኒዮን ያወጣው «ኦዮጌ! ታይያኪ ኩን» የሚባል የልጆች ዘፈን በጃፓን ታሪክ ከሁሉም በላይ የተሸጠ ሲንግል ነው፤ ከ4 ሚሊዮን ቅጂ በላይ። ስለዚህ እዚያ አገር አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ቤት ሁሉ አለ፤ በሳንቲም ነው የሚሸጠው። ያው ካኒዮን በ1979 ያወጣው የሚኪ ማትሱባራ «ማዮናካ ኖ ዶአ» ደግሞ በ2020 መጨረሻ በኢንተርኔት ዓለምን ሲያዳርስ የመጀመሪያው እትም ዋጋ ሰማይ ነካ። ፈላጊ ሲበዛ አሳሳቹም ስለሚበዛ እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ካኒዮን ፖኒ ካኒዮን የሆነው በ1987 ነው። «የ1979 ኦሪጅናል» ተብሎ ፖኒ ካኒዮን የሚል ስም ካለበት፣ ኦሪጅናል አይደለም።

ዱባይ_ላይ

እሺ፣ አሳምናችሁኛል። ከጃፓን ማዘዝ እንዴት ነው? ብዙዎቹ ሻጮች ወደ ውጭ አይልኩም።

ከኦሳካ

ጃፓን ውስጥ ገዝተው የሚልኩ ወኪሎች አሉ። ለአንድ ሸክላ የምትከፍለው የመላኪያ ዋጋ ከሸክላው ሊበልጥ ስለሚችል ወኪሉ መጋዘን ውስጥ አጠራቅመህ በአንድ ጊዜ አስልክ። ሸክላው ከከቨሩ ወጥቶ ለብቻው ይታሸግ በላቸው፤ አለዚያ በጉዞ ላይ ሲንቀጠቀጥ ጠርዙ ከቨሩን ሰንጥቆ ይወጣል። ከቨሩ ተሰነጠቀ ማለት ደግሞ ግማሽ ዋጋው ሄደ ማለት ነው። ለአንተ አገር ሙቀት ጨምሬ፦ ጥቅሉ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ሲመታው እንዳይውል፣ ቤት ሰው ያለበትን ቀን ምረጥ። ሸክላ አንዴ ከተጣመመ አይቃናም።

ፒያሳ_45

ሻጩ የሌብሉንና የከቨሩን ጀርባ ፎቶ ላከልኝ። ኦዲዮን ሌብል፣ ኦአር ቁጥር፣ ቶሺባ ኦንጋኩ ኮግዮ፣ ዋጋው 370 የን። ዘፈኑ ግን የ1964 ነው።

ዜማ_ነሽ

እንግዲህ መሰላሉን ተመልከት። 330 ቢል ኖሮ የ1964ቱ በሆነ ነበር። 370 ከሆነ ከቨሩ ከዚያ በኋላ፣ ግን ከአፕል በፊት የታተመ ነው፤ ሌብሉም ከዚያው ዘመን ጋር ይሄዳል። ማለትም የ60ዎቹ አጋማሽ ድጋሚ እትም ነው፣ ከቨሩና ሸክላው ግን የተስማሙ። ጥሩ ቅጂ ነው። «የመጀመሪያ እትም» የሚለውን ዋጋ አትክፈል፣ የተራውን ክፈልና ለቀዩ ትንሽ ጨምርለት።

ፒያሳ_45

እንዲያ ብዬ ጻፍኩለት፣ ዋጋውን በግማሽ ቀነሰ። ነገ እቀበለዋለሁ። ስለ ማጠብም ንገሩኝ፣ ጎረቤቴ አልኮል ተጠቀም አለኝ።

የድሮው_ማጫወቻ

ልጄ፣ ለብ ያለ ንጹህ ውሃ ከአንዲት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጋር፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ እንደ መስመሩ ዙሪያውን እንጂ አግድም አትጥረግ። ሌብሉ እንዳይረጥብ። በመጨረሻ በተጣራ ውሃ አለቅልቀህ ጥላ ውስጥ አቁመህ አድርቀው። አልኮሉን ተወው፤ በተለይ የአባትህ የባለ 78 ዙር ሸክላዎች ቤት ውስጥ ካሉ ጠርሙሱን ከነሱ አርቅ፣ እነዚያን አልኮል ያሟሟቸዋል።